«እንጸልይበት» ብሎ ዝም ለሚል ባል ምን ይባላል?

ከመንደራ ቆጪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን ሳልጠቅስ ልጻፍ፤ ጅማ ውስጥ መርካቶ የተወራ ነገር ጀበናው ሳይፈላ ቦሳ ኪቶ ይደርሳል።

ባለቤቴ ቡና ሰብሳቢ ነው። በመኸሩ ወራት ከገበሬው እሸት ቡናና ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) እየገዛ ለአቅራቢ ነጋዴዎች ያስረክባል። ልጆች አሉን። ሁለታችንም ክርስቲያኖች ነን፤ የምናመልከውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውጭ ለሚያየን የተባረከ ቤት ነው። ማታ ማታ ልጆቹን ሰብስበን እንጸልያለን፤ ባለቤቴ ሲጸልይ ቃሉ ይፈስለታል። «ይህን ቤት በረከትህ ይሙላው» ሲል ልጆቹ «አሜን» ይላሉ። በዚያው ሰዓት ስልኩ ከፍራሹ ሥር ይንቀጠቀጣል። እጁን ሰዶ ያጠፋውና ጸሎቱን ካቆመበት ይቀጥላል።

ዕዳ እንዳለበት የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት «ዋጋ ይጨምራል» ብሎ ጀንፈሉን መጋዘን አቆይቶት ነበር፤ ዋጋው ወረደ። ስንት እንደተበደረ፣ ከማን እንደተበደረ አላውቅም። ስጠይቀው «በጸሎት ያዥው፤ እግዚአብሔር መንገድ ይከፍታል» ይለኛል። ደግሜ ስጠይቅ «እምነትሽ የት ሄደ?» ይላል። እምነቴ ሲጠየቅ ምን እመልሳለሁ? ዝም እላለሁ። ለአገልጋያችን ነግሬው ነበር፤ እሱም «እኅቴ፣ ተንበርከኪ» አለኝ።

መንበርከኩን አልተውሁም። ነገር ግን የምለው ጠፋኝ። ስለማላውቀው ዕዳ ምን ብዬ ልለምን? በትዳር ችግር ጊዜ «ጸልዩ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የኖራችሁበት ንገሩኝ።

የአጋሮ እናት

ልጄ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የአንቺን አልጠየቅሁም፤ ለነገሩም አያስፈልግ። በትዳር ውስጥ የሸበትሁ ሴት ነኝ። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜንና የዕለቱን ዳዊት ሳላደርስ ከቤት አልወጣም፤ በፍልሰታ ሱባኤ እይዛለሁ። ስለዚህ ጸሎትን ታቃልላለች ብለሽ እንዳታስቢኝ።

ሐናን አስቢያት። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል፤ ስታለቅስ አይቶ «እኔስ ከዐሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» ይላታል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገሩ አልገባውም። ቤተ መቅደስ ገብታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ደግሞ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ሐና አንገቷን ደፍታ የወጣች መሰለሽ? አልወጣችም። እንዳልሰከረች፣ ኀዘን የበዛባት ሴት እንደሆነች ቁልጭ አድርጋ ነገረችው። ካህኑም ቃሉን ለውጦ መረቃት።

አገልጋይሽ «ተንበርከኪ» ካለሽ፣ «ተንበርክኬአለሁ፤ አሁን እርስዎ ተነሥተው ባሌን ያነጋግሩልኝ» በይው። በእኛ ዘንድ የነፍስ አባት ለዚህ ነው፤ ባልን ለብቻው፣ ሚስትን ለብቻዋ ይሰማል፣ ከዚያ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በእናንተም ዘንድ ይህን የሚሠራ ሽማግሌ አይጠፋም።

ደረቅ ጀንፈል

እኅቴ፣ ለባለቤትሽ ጠበቃ ልቆም አይደለም፤ የሥራውን ጠባይ ግን እወቂው። ሰብሳቢ በአብዛኛው የሚሠራው በሰው ገንዘብ ነው። አቅራቢው ቀድሞ ብር ይሰጠዋል፤ እሱ ገጠር ወርዶ ይገዛል። እሸት ቡና ፋታ አይሰጥም፤ ቶሎ መፈልፈያ ካልገባ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዕለቱ ዋጋ ሸጦ ይገላገሉታል። ጀንፈል ግን ደርቆ ይቀመጣል። ፈተናው እዚያ ላይ ነው፤ «ጥቂት ልቆይበት» ያሰኛል። የዓለሙ ዋጋ የሚቆረጠው ኒው ዮርክ ነው። ጅማ የተቀመጠ ሰው ይጸልይበት እንደሆነ እንጂ አያዝዝበትም። ሲወርድ አቅራቢው ገንዘቤን ይላል፤ ሰብሳቢው የእሱን ለመክፈል ከሌላ ይበደራል፤ ያ ሌላው ብዙ ጊዜ በአራጣ የሚያበድር ነው። አራጣ አበዳሪ ደግሞ ሰው ቤቱ በሚሰበሰብበት ሰዓት መደወል ይወዳል።

በእኛ ነጋዴዎች መካከል ከመክሰሩ ይልቅ ለሚስት መናገሩ ያሳፍራል። ስለዚህ ሰውየው ለእግዚአብሔር ብቻ ይናገራል፤ እግዚአብሔር ለሚስቱ አይነግርበትማ!

አዌቱ ዳር

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚህ ጸሎት ከሰው ብልሃት በታች ሲቀመጥ እያየሁ ነው። ሚስት የባሏን ገመና ለአገልጋይ፣ ለጎረቤት፣ ከዚያም ለኢንተርኔት ስትዘረግፈው ቤት ይቆማል? ጠላት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ርብቃ መካን በሆነች ጊዜ ይስሐቅ ሽማግሌ አልሰበሰበም፤ ስለ እርስዋ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ። ሲያገባት የ40 ዓመት ሰው ነበር፤ መንትዮቹ ሲወለዱ 60 ሆኖት ነበር። ዘፍጥረት 25ን አንብቡት። እሱ ሃያ ዓመት ታገሠ፤ እኛ አንድ መኸር መታገሥ አቃተን።

የሰንበት መምህር

ወንድሜ አዌቱ ዳር፣ ምሳሌህ መልካም ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ይስሐቅ የጸለየው ሁለቱም በሚያውቁት ችግር ላይ ነው። ከርብቃ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ልጆቹ በማሕፀኗ ሲገፋፉባት ደግሞ ርብቃ ራሷ እግዚአብሔርን ልትጠይቅ ሄደች፤ «አንቺ ዝም በይ፣ ባልሽ ይዞታል» አልተባለችም።

ባል ለሆንን ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው የጴጥሮስ ቃል ነው፤ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 7። ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ፣ እንዲያከብሯቸውም ያዝዝና ምክንያቱን ሲሰጥ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። ሚስቱን በጨለማ ያስቀመጠ ሰው ጸሎት መንገድ ላይ የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነው። ሚልክያስም ምዕራፍ 2 ላይ መሠዊያውን በእንባ ስለሚከድኑ ሰዎች ይናገራል። ያለቅሳሉ፣ ቍርባናቸው ግን አይታይላቸውም። «ለምን?» ሲሉ የተሰጣቸው መልስ እግዚአብሔር በአንተና በልጅነት ሚስትህ መካከል ምስክር ነው፣ አንተም አታልለሃታል የሚል ነው። እንባው የውሸት ነበር አልተባለም። እንባው እያለ ነው የተከለከለው።

በተራራው ስብከት መባህን ይዘህ መሠዊያው ፊት ከደረስህ በኋላ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ተብሏል። ጸሎትን አቋርጦ መሄድ የታዘዘበት ቦታ ነው። የዚህች እኅት ባል ጸሎቱን ለአንድ ምሽት አቋርጦ «እስቲ ተቀመጪ፣ ልንገርሽ» ቢላት፣ ይህንን ነው የፈጸመው።

የሌሊት ፈረቃ

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ የምጽፈው ለጠያቂዋ ብቻ አይደለም። ይህን ዓይነት ጽሑፍ ብዙ ሴት በድብቅ ስለምታነበው ነው። እዚህ የተባለው ሁሉ ዱላ ለሌለበት ቤት ነው። ባል የሚመታ ከሆነ «ጸልዪና ታገሺ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ምክር አይባልም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል ነው። ያበጠ ፊት ይዛ የመጣችን ሴት «ማን አየሽ?» ሳይሆን «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ነው የሚጠይቋት። ጸሎቱን ከዚያ በኋላ በተረጋጋ ቤት ታደርሰዋለች።

ሌላም አለ። ከወለደች በኋላ እንቅልፍ ያጣች፣ ልጇን ማቀፍ ያስጠላት፣ ያለ ምክንያት የምታለቅስ ሚስት ስትኖር ቤተሰቡ ወይ መንፈስ ነው ይላል፣ ወይ ባሏን አትወድም ይላል። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ሐኪሙንም አትከልክሏት።

ከመንደራ ቆጪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለየሌሊት ፈረቃ፦ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ክፉ ቃልም አይወጣውም። ክፉ ቢናገረኝማ እኔም እመልስለት ነበር። የሚናገረው ሁሉ መልካም ስለሆነ መያዣ የለውም።

ለአዌቱ ዳር፦ ወንድሜ፣ ገመናውን ልዘረግፍ ብፈልግ ስሙን እጽፍ ነበር።

ባል ነኝ

ከሌላው ወገን ልናገር። በእኛ ቤት «እንጸልይበት» የምትለው ሚስቴ ናት። ሰኞ ኅብረት፣ ረቡዕ ጾም ጸሎት፣ ዓርብ አዳር አላት። ልጆቹን አብልቼ የማስተኛው እኔ ነኝ፤ ይህ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ስለ እኔ የሚጸለየውን ከሌላ ሰው መስማቴ ነው። አንድ ወንድም መንገድ ላይ አግኝቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ስለ ቍጣህ እየጸለይን ነው» አለኝ። ስለ ቍጣዬ ሚስቴ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ያን ጊዜ በእውነት ተቈጣሁ።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ቁጥር 5 ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው ቢለያዩ እንኳ ተስማምተው፣ ያውም ለጊዜው ይሁን፣ ከዚያ አንድ ላይ ይመለሱ ይላል። «ተስማምተው» የሚለውን ማንም ሲሰብክበት አልሰማሁም።

የአጋሮ እናት

የኔ ልጅ፣ ያ ትከሻህን የመታህ ሰው ይቅር ይበለው እንጂ ምን ይባላል! የሰው ገመና ለጸሎት ብሎ ማዞር ሐሜት ነው፤ በ«አሜን» ስለተዘጋ አይነጻም።

ሁለት ደወል

የእኛ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። ጅማ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ ከጎረቤት ደግሞ ሙስሊም አለ፣ እናም ከአንድ ግድግዳ ሦስት ዓይነት ጸሎት ይሰማል። እኛን ያጣላን ራሱ ጸሎቱ ነበር። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከልቤ የመጣልኝን ስናገር እሱ «እንዲህ እንደ ጓደኛ ይወራል?» ይላል። እሱ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከመጽሐፍ ሲያነብ እኔ «የራስህ ቃል የለህም?» እለዋለሁ። ልጆቹ በመካከል ይቁለጨለጫሉ። የጾም ሰሞን ሲመጣ ድስቱም ይለያያል።

የተስማማነው በአንድ ጸሎት ብቻ ነው፤ እሱ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚለው፣ እኔ «አባታችን ሆይ» የምለው። ማታ እሱን ብቻ አብረን እንላለን፤ የቀረውን እያንዳንዳችን በየጓዳችን። አጭር ነው። ነገር ግን «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስንደርስ ተቀያይመን ከሆነ ከሁለታችን የአንዱ ድምፅ ይጠፋል። ሌላው ይሰማዋል። ያን ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልተን እንነጋገራለን። ምክንያት ፈልገን አይደለም፤ ድምፁ ጠፍቶ ያደረ ሰው በማግሥቱም ስለሚጠፋው ነው።

ጳጉሜን ሦስት

ማንም እስካሁን መጽሐፈ ጦቢትን አለማንሣቱ ገርሞኛል። በ66ቱ ለምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፦ ይህ መጽሐፍ በእኛ በ81ዱ ውስጥ አለ፤ ጳጉሜን 3 በዝናብ ስንጠመቅ የምናስበው መልአክ ሩፋኤል ነው ታሪኩን የሚመራው።

ሣራ የራጉኤል ልጅ ሰባት ባሎቿ በሠርጋቸው ሌሊት ሞተውባታል። የጦቢት ልጅ ጦብያ ስምንተኛ ሆኖ ሊያገባት ሲሄድ ይፈራል፤ መፍራቱንም አይደብቅም። ለሩፋኤል «ሰባቱ እንደሞቱ ሰምቻለሁ፣ ለአባቴና ለእናቴ አንድ ነኝ» ብሎ ይነግረዋል። መልአኩም ባሎቿን የገደለውን ጋኔን ለማባረር በመንገድ የያዘውን ዓሣ ልብና ጉበት ዕጣን ላይ እንዲያጤስ፣ ከዚያም ሁለታቸው ተነሥተው እንዲጸልዩ አዘዘው። ሁለቱንም አደረገ። ጢሱን አጢሶ «እኅቴ፣ ተነሺ እንጸልይ» አላት። ለብቻው አልጸለየላትም፤ አስነሥቶ አብሯት ቆመ።

እኔን የሚያስቀኝ አማቹ ነው። እነሱ ውስጥ ሲጸልዩ ራጉኤል ከአገልጋዮቹ ጋር ወጥቶ መቃብር ይቆፍራል፤ ይህም ከሞተ ጎረቤት ሳያይ በሌሊት ልቅበረው ብሎ። ልጁ በሕይወት እንዳለ ሲሰማ ጉድጓዱን አስደፈነ። ብዙ ዘመድ እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት «ይባርካችሁ» ይላል፣ ከኋላ አካፋ ይዞ ይጠብቃል።

የእኅታችን ባል የሚያጤሰው ጉበት ያ የዕዳው ዝርዝር ነው። እሱን ሳያወጣ «ተነሺ እንጸልይ» ማለት የታዘዘውን ግማሽ መፈጸም ነው።

አዌቱ ዳር

ጦቢት በእኛ ዘንድ ስለማይነበብ አልከራከርህም። ባልን በሚስቱ ፊት ማሳጣት ግን አሁንም አልቀበልም። አንድ ነገር ልጠይቃት፦ እኅቴ፣ እሱ ሲጸልይ «አሜን» ከማለት ሌላ አንቺ ድምፅሽን አሰምተሽ ጸልየሽ ታውቂያለሽ?

ከመንደራ ቆጪ

አዌቱ ዳር ይህን ሲጠይቀኝ ተናድጄ መልስ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ ሳስበው፣ በእኛ ቤት የማታውን ጸሎት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ «አሜን» ነኝ። ስለዚህ ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ዛሬ እኔ ልጸልይ» አልሁት። ደስ አለው መሰለኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

የጸለይሁት አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ስልኩ ሲጠራ እፈራለሁ። ማን እንደሚደውል አላውቅም። ባሌም ሲፈራ አያለሁ። ለብቻው ከሚፈራ አብረን እንድንፈራ እርዳን» አልሁ። «አሜን» አላለም። ቆየ። እንደ ልማዱ «እግዚአብሔር መንገድ ይከፍታል» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ባዶ ጆንያዎቹን ሲያገላብጥ ይሰማኛል። የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ፤ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ዓይነት። በአንድ በኩል የሰው ስም፣ በሌላው የብር መጠን፣ አንዳንዱ ተሰርዟል፣ አንዳንዱ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። አቧራ ነበረበትና በእጅጌው ጠርጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ «ተመስገን» ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከስሞቹ አንዱ የገዛ ወንድሜ ነው። በየእሑዱ ቤታችን መጥቶ ምሳ ይበላል፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ዝም ብለውኛል። መጠኑም ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ እሱ ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ አንኮራፍቶ ተኛ። ይህም አናደደኝ። ሠርጋችን ላይ ሽማግሌ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ለእሑድ እንዲጠራቸው ተስማምተናል። አገልጋያችንም እንዲመጣ ባለቤቴ ራሱ ይነግረዋል። ምን ይዤ ልቅረብ? ቤታችንን ያስያዘ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ፤ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

የፍርድ ቤት በር

ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ቤቱን በቀጥታ ጠይቂው፤ ከእሑድ በፊት። በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ መበደርና ማበደርም እዚያው ውስጥ ነው፤ ይህን ስናገር ደንበኞቼ ይስቃሉ፣ ሕጉ ግን እንዲህ ይላል። ጅማ የምትመራው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ 69/1995 ስለሆነ፣ የአንቺን ጉዳይ በዚያ ሕግ የሚያይልሽ የሕግ ባለሙያ ያዢ። አንቺ ሳትፈርሚ የተያዘ ቤት ካለ አትዘግዪ፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ የጊዜ ገደብ አለው። ይህን የምልሽ ባልሽን እንድትከሺው አይደለም። አበዳሪው ሲመጣ በር ላይ ቆመሽ የምትዪውን እንድታውቂ ነው።

ደረቅ ጀንፈል

ደብተሩን ለሽማግሌዎች ከማሳየታችሁ በፊት ሁለታችሁ በአዲስ ወረቀት ገልብጡት። የአቅራቢውን ለብቻ፣ የዘመዱን ለብቻ፣ የአራጣውን ለብቻ ጻፉ። አቅራቢ ነጋዴ ነው፤ «በዚህ መኸር በቡና እከፍልሃለሁ» ቢሉት ይሰማል፤ ሰብሳቢ ማጣት አይፈልግም። ወንድምሽም ይታገሣል፤ ለዝምታውም ቢሆን ዕዳ አለበት። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን ሁሉ አራጣው ላይ ያውሉት፤ ዋናውን ተቀብሎ ወለዱን እንዲተው የሚያስለምኑት እዚያ ነው። መጋዘን የቀረ ጀንፈል ካለ ደግሞ ከእንግዲህ ብቻውን አይወስንበት፤ የምትሸጡበትን ዋጋ ሁለታችሁ ቆርጣችሁ ጻፉት፤ ያ ዋጋ ሲመጣ «ጥቂት ልቆይበት» የለም።

አዌቱ ዳር

በአደባባይ መጻፉን ዛሬም አልደግፍም። ለእሑዱ ግን እኔና ባለቤቴ እንጾምላችኋለን። ስማችሁን ስለማናውቅ «የደብተሩ ቤት» እያልን ነው የምንጸልየው።

ባል ነኝ

እኔም ዛሬ ማታ «ተራው የእኔ ነው» ልላት ነው። ቍጣዬን ራሴ አነሣዋለሁ።

የአጋሮ እናት

ልጄ፣ ስላንኮራፋ አትቀየሚው፤ እስከ ዛሬ የተኛ መስሎሽ ነው እንጂ አልተኛም ነበር። መናደድሽን ግን አትዋጪው፤ እሑድ በሽማግሌዎቹ ፊት ተናገሪው፣ እነሱም ለዚህ ነው የሚመጡት። ወንድምሽን ለብቻው ጠርተሽ አነጋግሪው፤ ከምሳ በፊት ይሁን፣ ከበላ በኋላ ያለዝባል።

ለአማትሽ ገና ምንም አትንገሪ። ሽማግሌዎቹ ከጨረሱ በኋላ ልጇ ራሱ ሄዶ ይንገራት። ታለቅሳለች፤ ከዚያ «መሬቴን ልሽጥና ልክፈልለት» ትላለች። እናት ናትና ትላለች። መሬቷን እንዳታስነኩ።